ግራዝማችን በአንድ ዓይን የሣልን ጊዜ

ሰሞኑን ከጎረቤት ግቢ አንድ ሽታ መጣብኝ። የጎረቤቴ ልጆች ጭራሮ ቆርቆሮ ውስጥ ከተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ እሳት ላይ ጥደው ሲጫወቱ ኖሯል። ገላጣ ላይ የሚነድ እንጨት ሽታ አልነበረም፤ እሱንማ ማንም ያውቀዋል። ይሄኛው ታፍኖ፣ ነበልባል ሳያይ፣ ውስጥ ውስጡን የሚከስል እንጨት ሽታ ነው፤ ትንሽ ይመርራል፣ ትንሽ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ገብቶም ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። እናታቸው ወጥታ «ቤቱን ልታቃጥሉት ነው!» ብላ ስትቆጣቸው፣ «ተያቸው በነቢ፣ ትንሽ ይቆይ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰማንያ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰውዬ፣ በዚያ ሽታ ተስቤ ሄጄ ከአባቴ ጉልበት ሥር ቁጭ አልኩ።

አባቴ እንድሪስ ይባል ነበር። በሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤት ልጆችን ሥዕል ያስተማረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ እንደሰማሁት ከሆነ ያን ጊዜ በዙሪያችን ባሉት ከተሞችም ሥዕል የሚባል ትምህርት አልነበረም። ይህን ስል እመካለሁ። መመካት ደግ አይደለም ይባላል፣ በአባት መመካት ግን ይፈቀዳል ብዬ ነው።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ስለነበር አባቴ የዓመቱን የሥዕል ከሰል የሚያዘጋጀው ያን ጊዜ ነበር። ከቤታችን በላይ ካለው ዳገት የክትክታ ጭራሮ ለቅመን እናመጣለታለን፣ እሱ ልጡን በቢላ እየላጠ፣ በጣት ልክ እየቆራረጠ፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሞ ይደረድረዋል፤ ክዳኑን ገጥሞ ዙሪያውን በጭቃ ይመርገውና፣ በምስማር አንዲት ቀዳዳ በስቶ ከፍም ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔና የእህቴ የዘይነባ ነበር፤ ቀዳዳዋን መጠበቅ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ በመጨረሻ ቀጥ ሲል «አባባ፣ በስሏል!» ብለን እንጮሃለን። እሱ ግን አይነሳም። «ይቀዝቅዝ፤ ቸኩሎ የከፈተ አመድ ያፍሳል» ይለናል። ውጪ ዝናቡ የአምባሰልን ተራራ ጠቅልሎ ወስዶት፣ ሐይቁና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው፣ እኛ ቤት ውስጥ ቆርቆሮ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር።

ወረቀቱ ደግሞ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች የጣሉትን ከረጢት አባቴ ለምኖ ያመጣል፣ ያራግፋል፣ ንጹሑን የውስጥ ገጽ ለይቶ ይቆርጥና እናቴ ከምትተኛበት መደብ ምንጣፍ ሥር አንጥፎ ያስተኛዋል። እናቴ ታዲያ «የሰው ባል ለሚስቱ ጥጥ ያመጣል፣ የእኔው ሲሚንቶ! እንግዳ ቢመጣ ምን ላይ ነው የምተኛው ልበል?» ትለው ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ብትቆጣም ግን፣ ከሱ በቀር ሌላ ሰው ያንን ወረቀት ሲነካባት አትወድም ነበር።

አባቴ በልጅነቱ በአምባሰል ገጠር ከአንድ ሸህ ዘንድ ተቀምጦ ቁርኣን በሸምበቆ ብዕር መገልበጥ የተማረ ሰው ነው። እጁ ከዚያ መጣ። ሥዕሉ ግን ከሌላ ቦታ ነው። ጣሊያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ መንገድ ለሚለካ መሐንዲስ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይሸከም ነበር። ሰውዬው ለምሳ ሲያርፍ ተራራውን በእርሳስ ይሥላል፣ አባቴም የራሱን ምሳ ትቶ ከጀርባው ቆሞ ያያል። አንድ ቀን መሐንዲሱ ዞር ብሎ አየውና፣ በአስተርጓሚ «የእናንተ እጅ ለሸክም ነው፤ ለዚህ አልተፈጠረም» አስባለው። አባቴ ይህን ሲያወራን አይናደድም ነበር። «ሸክሙን አወረድኩና ከሰል አነሳሁ» ብቻ ይለናል። ከሠራተኛው ምድጃ ከሰል አንስቶ ያንኑ ተራራ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሣለው። አስተርጓሚው አይቶ «ዝም በል እንጂ ያንተ ይበልጣል» አለው ይላል፤ እሷን እንኳ ትንሽ ጨምሮባት ይሆናል።

ነፃነት ተመልሶ በከተማችን ትምህርት ቤት ሲከፈት አባቴን የቀጠሩት ቁም ጽሕፈት እንዲያስተምር ነበር። እሱን ራሱን የአማርኛ ፊደል ያስቆጠሩት የሐይቅ እስጢፋኖሱ መነኩሴ አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው። አባ ሠዓሊ ነበሩ፤ አባቴ ለቀለም የሚሆን ጥላሸትና ሙጫ እየወሰደላቸው፣ እሳቸውም በፈንታው ፊደል እያስጠኑት በዚያው ተዋደዱ። እስላም መምህር የክርስቲያን ልጅ እጅ ይዞ ፊደል ሲያስጽፍ እኛ አገር ማንም ጉዳዬ አላለውም። አባቴ ታዲያ ጽሕፈቱን ጀምሮ ብዙም አልቆየም፤ «ቅጠል ያልሣለ እጅ ‹ለ›ን ቀጥ አድርጎ አያቆምም» እያለ ዲሬክተሩን አግባብቶ፣ የሐሙስ ከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ የሥዕል አደረገው።

መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠነክር፣ ሐሙስ ሐሙስ ተሰልፈን ወደ ሐይቁ ዳር እንወርድ ነበር። አስተማሪነቱ እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ያሳየናል፣ የተገለበጠ ታንኳ ይሁን፣ አገልግል ይሁን፣ የቆመች አህያ ትሁን፤ ከዚያ ሁላችንም እጃችንን ብብታችን ውስጥ እንድንከት ያዘናል። «እጅህን እሰረው፣ ዓይንህን ፍታው!» ይላል። እጃችን ታስሮ ብዙ እንቀመጣለን፣ ዝንብ እያረፈብን፣ አፍንጫችን እየበላን። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፤ «ጆሮዋ ከፊቷ ይረዝማል ወይስ ያጥራል? ጥላዋ ወዴት ወደቀ? ከሆዷ ሥር ሐይቁ ምን ያህል ይታያል?» መመለስ ያቃተው ልጅ ከሰል አይሰጠውም፣ እንደገና ያያል። ማጥፊያ የሚባል ነገር የለም። «ያላየኸውን አትጨምር፣ ያየኸውን አትደብቅ» ይለናል፤ ሥዕል ሳይሆን ምስክርነት የሚያስተምረን ይመስል ነበር።

እኔ በዚህ ትምህርት ደካማ ነበርኩ። አህያዬ በግ ትመስላለች፣ በጌ ትራስ ይመስላል። አራተኛ ክፍል ስደርስም ትምህርቱን ትቼ እርሻ ገብቻለሁ። ዘይነባ ግን ሌላ ነበረች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ቀጭንና ዝምተኛ፣ አንድ ነገር ማየት ከጀመረች ስሟን ቢጠሯት የማትሰማ። እናቴ መጀመሪያ ላይ እንዳትማር ተሟግታ ነበር። «ሴት ልጅ በከሰል ጠቁራ እየመጣች ማን ሊያገባት ነው?» ስትል፣ አባቴ «የጠቆረው እጇ ነው፤ ውሃ መች ጠፋ? ሐይቅ ዳር ነው ያለነው» ብሎ መለሰላት። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ማታ ማታ የዘይነባን እጅ በአመድ የምታሽላት ራሷ እናቴ ሆነች።

አንድ ነገር ልናገር። አባቴ ራሱ የሰው ፊት አይሥልም ነበር። ተራራ፣ ዛፍ፣ ዕቃ፣ ቤት ይሥላል፤ ነፍስ ያለው ነገር ላይ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። ሸህ ይማም የሚባሉ፣ በመስጊዳችን የተከበሩ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ከሶላት ስንወጣ አስቁመውት «እንድሪስ፣ አንተስ ትጠነቀቃለህ፤ ልጆቹንስ?» አሉት። «ሸህ፣ ልጆቹን የማስተምራቸው ማየት ነው፤ አላህ የሠራውን ደህና አድርጎ ማየት ምን ክፋት አለው?» አለ። ሸህ ይማም ጺማቸውን እያሻሹ «እስቲ እናያለን» ብለው ተዉት። በዚህ የተነሳ ግን ስለ ሰው ፊት አሣሣል አባቴ የማያውቀው ነገር ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ጥር ላይ እህሉ ጎተራ ገብቶ ሰው እፎይ ሲል በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ይደረግ ነበር። አንድ ዓመት ላይ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሎቻችንን ለአገር ሰው ሊያሳይ ተነሳ፣ «በየቀኑ የምታዩትን ነገር ሥላችሁ አምጡ» አለን። ዘይነባ ግራዝማች ደምሴን መረጠች። ግራዝማች ለትምህርት ቤቱ ቦታ የሰጡ፣ የትምህርት ቤቱ ሽማግሌዎች አለቃ የሆኑ፣ ቃላቸው የሚከበር ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር በየቀኑ ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ። ከክፍላችን መስኮት ሲያዩዋቸው የሚታዩት በጎን ነው። ዘይነባ በመስኮቱ እያየች ሳምንት ሙሉ ሣለቻቸው፤ አፍንጫቸው፣ ጺማቸው፣ ዝቅ ያለችው የታች ከንፈራቸው፣ ከዘራው ላይ የተደራረበው እጃቸው፣ ሁሉም ቁጭ አለ። አባቴ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየና «አየሻቸው» አላት። ከሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አይወጣም ነበር።

በዕለቱ ገመድ ወጥረን ሥዕሎቹን በእሾህ እየወጋን ሰቀልን፣ የዘይነባን መካከል ላይ። ሰዉ እየተጋፋ፣ «ኧረ ይሄ የኛ በር ነው!»፣ «ይቺ የእሜቴ እንስራ አይደለችም?» እየተባባለ፣ ደስታው ሌላ ነበር። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ዳር ላይ ቆሟል። ያኔ ነው አንድ የቆሎ ተማሪ፣ ቀልደኛ ነገር፣ ጣቱን ቀስሮ «ግራዝማችን እዩዋቸው! አንዱን ዓይናቸውን የት ጥለውት ነው?» ያለው። እኛ እስላሞቹ ሳቅን። ክርስቲያኖቹ ሽማግሌዎች ግን አማተቡ። ምን እንደሆነ ሳይገባን ግራዝማች ራሳቸው ሰዉ መንገድ ለቆላቸው መጡ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት።

«እንድሪስ» አሉት ቀስ ብለው፤ «ምን በድዬህ ነው ይሁዳ ያደረግከኝ?»

አባቴ ግራ ገባው። «ምን አሉ ግራዝማች?»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል። ዘወር ብሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ቦታ የሰጠሁህ በልጆቻችን ፊት እንዲህ አድርገህ ልትሰቅለኝ ኖሯል?»

«ወላሂ፣ ግራዝማች…»

«አትማልልኝ! ከዛሬ ጀምሮ ይህ ከሰል መቀባት ይቅር። ጽሕፈትህን አስተምር። ጽሕፈቱ ካልበቃህ ቦታውን ለሌላ ልቀቅ።»

ከዘራቸውን እየመቱ ሄዱ። ሰዉ ተበተነ። የክርስቲያን ልጆች አሣሣሉን እያወቁት፣ መምህራችን የሚያደርገውን ያውቃል ብለው ዝም ማለታቸውን በኋላ ነገሩን። የከፋው ደግሞ «እስላሙ ክርስቲያኑን ሰደበ» የሚል ሹክሹክታ በከተማው መሰማቱ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወሬ በሐይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ ሁሉንም ሰምታ ጠበቀችን። «አንድ ዓይን ነው የጎደለው አይደል? ጨምርበትና እንጀራችንን እንብላ» አለችው። እኔም ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ሁሉም ወደ ጓሮ ሲወጡ ከሰል አነሳሁና፣ ግራዝማች ጆሮ አጠገብ ቦታ ፈልጌ ሁለተኛውን ዓይን ልተክልላቸው ስል፣ የአባቴ እጅ መጥቶ የእጄን አንጓ ያዘው። አልመታኝም። «ሙሄ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አየኸው?» አለኝ። «አላየሁትም።» «እንግዲያው አንጨምርም።» ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው?» አለችው። «አንቺ ያየሽውን መሰከርሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሰውን ልማድ ሳልጠይቅ ፊቱን አስሣልኩ።»

ሦስት ሐሙስ ባዶውን አለፈ። አባቴ ሐሙስ ከሰዓት ‹ሀ ሁ› እያስጻፈን በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ያይ ነበር፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ። በአራተኛው ሳምንት፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር ሲሄድ እኔን አስከተለኝ። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ዘይነባ ቀረች፤ እኛም ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አባ ወልደ ሥላሴን አስጠራን። አባቴ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሲነግራቸው፣ አባ መጀመሪያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንተ ሰው! ይህን ሁሉ ዘመን ጥላሸት ስታመላልስልኝ፣ ምን እንደምሥልበት አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ?»

«መቼ ገብቼ አየሁ፣ አባ?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ሳቁን ተዉት። «ጻድቅ ያይሃል፤ ክፉ ግን ዓይንህን ይሸሻል። ለዚያ ነው ዘወር የምናደርገው። አባቶቻችን እንዲህ አስተማሩን።»

አባቴ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው እናንተ ሰውን በልቡ ትሥሉታላችሁ። እኔ ልጆቹን ያስተማርኳቸው በተቀመጠበት ነው።»

«ይህን ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሱ ንገረው። እኔ አብሬህ እመጣለሁ። ከናንተም አንድ ሽማግሌ ጨምር።»

ከእኛ ወገን የተገኙት ሸህ ይማም ናቸው፤ ያው መስጊድ ደጃፍ ያስቆሙት። «ሥዕሉን ወድጄ አይደለም፤ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ማደር ስለሌለበት ነው» እያሉ መጡ። መነኩሴና ሸህ ጎን ለጎን ወደ ግራዝማች ግቢ ሲገቡ፣ አባቴ ከኋላቸው፣ እኔና ዘይነባ አጥር ሥር ሆነን አየን። ግራዝማች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ልማዱ ሽማግሌዎቹ ካልታረቁ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ «አንቱን ማሳዘኔ ጥፋት ነው፤ ካስ ካሉኝ እክሳለሁ። ሥዕሉ ሐሰት ነው በል ካሉኝ ግን አልችልም» አለ።

«ሽማግሌ ይዘህ የመጣኸው ልትደግመኝ ነው?»

«አንድ ሐሙስ ይስጡኝ ግራዝማች። ዋርካው ሥር ይቀመጡልኝ፣ ልጆቹ ዙሪያዎን ይክበቡ፣ ሁሉም ከተቀመጠበት ይሣል። ከዚያ በኋላም ተሰድቤያለሁ ካሉ፣ ከሰሉን በእጄ ሐይቁ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ቦታዬንም እለቃለሁ።»

ዘይነባ እጄን ጨመቀችው። ሸህ ይማም ነገሩን ሊያለዝቡ «ምን ያስፈራዎታል? ከኋላ የሚቀመጠው ሁለቱንም ዓይን ያሳጣዎት እንደሆነ ነው!» ሲሉ፣ ግራዝማች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ዓይን አልባ አድርጋችሁ ልትጨርሱኝ! በሉ ተቀመጡ» አሉ።

ሐሙሱ የበልግ ደመና መሰብሰብ የጀመረበት ቀን ነበር። የከተማው ሰው ሁሉ መጥቷል። ግራዝማች አዲስ ኩታ ለብሰው ዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ አባቴም «ቦታ ያዙ» አለን፤ የት እንደምንቀመጥ ግን አልነገረንም። ልጁ ሁሉ እየተረጋገጠ ወደ ፊት ለፊት ሮጠ፤ ሁለት ዓይን ባለበት በኩል መሆን ነዋ! እኔ ስደርስ ሞልቶ፣ የቀረው ከኋላ ብቻ ነበር። ዘይነባ ግን ሳትሮጥ ሄዳ፣ ከጎናቸው፣ ከክፍላችን መስኮት በሚታዩበት አቅጣጫ ልክ ተቀመጠች። «ዘይነቤ፣ ወደ ፊት ሂጂ» አልኳት በሹክሹክታ። «ዝም በል» አለችኝ።

እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተትን። ግራዝማች መጀመሪያ ላይ ይቁነጠነጡ ነበር። «እንድሪስ፣ ዝንብስ ልከላከል?» «ይከላከሉ፣ ግን ወደ ቦታዎ ይመለሱ» አላቸው፣ ሰዉም ሳቀ። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ጠፋ። ሠላሳ ልጅ እጁን አስሮ አንድ ሰው ላይ ዓይኑን ሲተክል፣ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ራሱ ድምፁን ይቀንሳል። ግራዝማችም ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው ከግራዝማችነቱ ትንሽ ተፈታ፤ አንድ የደከማቸው ሽማግሌ ሆነው ቁጭ አሉ። ያኔ አባቴ «ፍቱት» አለን።

ስንጨርስ እያንዳንዱ ሥዕል እዚያው በተሣለበት ቦታ፣ ነፋስ እንዳይወስደው በድንጋይ ተይዞ ተቀመጠ። ግራዝማች ተነስተው ክቡን መዞር ጀመሩ። ከፊት ለፊቱ ሁለት ዓይን አላቸው። ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ሁለተኛው ዓይን ከአፍንጫቸው ጀርባ መደበቅ ይጀምራል፣ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ግማሽ ይሆናል፤ ከዘይነባ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ብቻ ቀረ። ቆሙ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬም አንድ ዓይን?»

«ከዚህ ሌላኛው አይታይም።»

«ፊት ለፊት ብትቀመጪስ ኖሮ?»

«ሁለት እሥል ነበር። ግን ያን ጊዜ ያየሁዎት ከዚህ ነው። ቦታ ብቀይር የድሮው ውሸት ይመስልብኛል።»

አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ግራዝማች አልፈዋት መጡ፣ እኔ ዘንድ ደረሱ። የኔ ሥዕል ዓይንም አፍንጫም የለውም፤ ግራና ቀኝ የወጣ ጆሮ፣ ሁለት እጥፋት ያለው ማጅራት፣ ከሥሩ የኩታ ክምር። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ብዙ አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው የገዛ ማጅራታቸውን ዳሰሱ።

«ይህ የአባቴ ማጅራት ነው» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «እሱ በበቅሎ ከፊት፣ እኔ በእግሬ ከኋላ ስከተል፣ መንገዱን ሁሉ የማየው ይህንን ነበር። ከሞተ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ለካ እኔው ተሸክሜው ስዞር ነው የኖርኩት።»

ግራዝማች ቀና ብለው አባቴን አዩት። «እንድሪስ፣ ዙሪያውን ዞርኩት። በሁሉም እኔው ነኝ። ሐሙስህን ውሰድ።»

ሸህ ይማም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አባ ወልደ ሥላሴ ደግሞ «እኔም አንድ ቀን ይሁዳን ዙሪያውን ማየት ሳይኖርብኝ አይቀርም» ብለው ሰዉን አሳቁት። ግራዝማች የኔን ሥዕል ጠቅልለው ያዙ፤ መለስ ብለው የዘይነባንም ወሰዱ። «አፍንጫህ ትልቅ ነው ስትለኝ ሚስቴን ሐሰተኛ ነሽ እላት ነበር፤ ይቅርታ ልጠይቃት» አሉ። ያኔ ዝናቡ ወረደ፣ ሁላችንም ሥዕላችንን ልብሳችን ሥር ሸጉጠን በየአቅጣጫው ሮጥን። አባቴ ብቻ አልሮጠም። ጋቢው እየራሰ፣ ዘይነባን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው ይዞ በዝግታ ወደ ቤት ወሰደን። እናቴ በር ላይ ቆማ ፊቱን አይታ ምንም ሳትጠይቀው ገብታ የመደቡን ምንጣፍ ገለጠች፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ የሚሆን ወረቀት ትቆጥር ነበር።

አባቴ አላህ ይርሐመውና ጉልበቱ እስኪደክም አስተማረ። ዘይነባ አድጋ ደሴ ላይ መምህር ሆነች፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሴት ልጆችን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ እያስከተተች ሥዕል አስተማረች። የአባቴ ስም ግን የትም አልተጻፈም፤ ምስክር ወረቀትም አልነበረውም።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄን ተከትዬ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ ሥዕል ተደርድሯል፣ በዓረብ አገር የምትሠራ እናቷ የላከችላት ባለ ብዙ ቀለም ሣጥን በቦርሳዋ አለ፣ የኮሌጅ ምሩቅ አስተማሪ አላቸው፣ ሥዕልም ከሒሳብና ከስፖርት መሐል በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ በማስመሪያ ተሰምሮ ተጽፏል። አስተማሪውን በዚህ ከተማ ሥዕል ማን እንደጀመረ ጠየቅሁት። «መጽሐፉ ላይ አለ እኮ አባቴ፣ ሁሉም ትምህርት ቤት ይሰጣል» አለኝ በትሕትና። ዝም አልኩ። ቅር አላለኝም፤ ኩራቱ ነው ዝም ያሰኘኝ። ያን ጊዜ በሳምንት አንዲት ከሰዓት ለማግኘት መነኩሴና ሸህ አቁመን፣ የእንጀራ ቦታችንን አስይዘን ነበር። ዛሬ ማንም ማንንም አይለምንም። ስንመለስ የልጅ ልጄ በባጃጁ ውስጥ ተደግፋኝ፣ «አያ፣ ነገ ደግሞ ሥዕል አለን፤ ኡፍ፣ ይሰለቻል» አለችኝ፤ እኔም እንዳታየኝ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ ሳቅሁ።